«ፊርማ ብቻ ናት»

መምህሩ ወደ ቢሮዬ የገቡት የላክንላቸውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዘው ነው። ዋስ የሆኑለት ጎረቤታቸው ሱቁን ዘግቶ ከከተማው ከወጣ ወራት አልፈዋል። «እኔ እኮ ምስክር ነኝ» አሉኝ። ውሉን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ስማቸውና የገንዘቡ መጠን በፊደልም በአኃዝም ሰፍሯል፣ ፊርማቸውም አለበት። የከተማውን ግማሽ ማንበብ ያስተማሩ ሰው ያን ወረቀት አላነበቡትም።

እንደ እኔ በወረዳ ከተማ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ንግግር ያውቀዋል። ብዙዎች ዋስነት መልካም ጠባይ መመስከር ይመስላቸዋል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠንም እንዲጠቀስ ያዛል፤ ካልተጠቀሰ ውሉ አይጸናም። ይህን ያህል የተጠነቀቀው ነገሩ ከባድ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ እኛ ዋሱን የምናስፈርመው «በአንድነትና በነጠላ» ነው። አንቀጽ 1933 እንዲህ የፈረመን ዋስ፣ ባለዕዳው ሳይጠየቅና መያዣው ሳይሸጥ በቀጥታ ለመክሰስ ይፈቅዳል። «መጀመሪያ እሱን ያዙት» የሚባለው እዚህ አይሠራም። የከፈለ ዋስ ባለዕዳውን መልሶ መጠየቅ ይችላል፤ እርግጥ ባለዕዳው ስልክ ካነሳ ነው።

እኛን የሚያመሰግኑን «ሰው ያውቃሉ» እያሉ ነው። ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ትልቅ ባንክ ሲሄድ መነጽሩን የሚያወጣ ሰው እኛ ጋ ሲደርስ «የት ጋ ልፈርም?» ብሎ ይጀምራል። ተበዳሪው አበልጁ ወይም የእድር ጓደኛው ነው፤ ቡና ጋብዞት አብሮት መጥቷል፣ አጠገቡም ተቀምጧል። በዚህ ይሉኝታ መሀል ማን እምቢ ይላል? ማን ለስንት ሰው ዋስ እንደሆነ እኛ ከማንም በፊት እንሰማለን፤ ወሬውን ግን የምንጠቀምበት አዲስ ደንበኛ ለማግኘት ነው። ለዋሱ የማይጠቅም ትውውቅ ምኑ የደንበኛ አገልግሎት ነው?

እኔ ተበዳሪውን ውጭ አስቀምጬ ዋሱን ለብቻው አነጋግራለሁ። «ይህን ገንዘብ እርስዎ ይክፈሉ ቢባሉ ከየት ያመጡታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። የሥራ ባልደረቦቼ ወረፋ ታስረዝማለህ፣ ተበዳሪም ታስቀይማለህ ይሉኛል። ትክክል ናቸው፤ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

በቅርቡ አንዲት እናት ጥያቄዬን ሰምተው ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ እኔስ አፍሬ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ሳይፈርሙ በኋላ በር ወጡ። ተበዳሪው እስካሁን ሰላም አይለኝም፤ ሥራ አስኪያጃችንም ያልተሰጠውን ብድር ከወሩ ዕቅድ ላይ በቀይ አስምረው ልከውልኛል።