ቅቤ ነጋዴዋና ባሕረ ሐሳቡ

ሙያዬ ሒሳብ ምርመራ ነው፤ የቁጠባና የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትን መዝገብ እያገላበጥኩ፣ ገቢው ከወጪው፣ ደረሰኙም ከሣጥኑ ጋር መስማማቱን ስመረምር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ከምዞርባቸው ከተሞች ሁሉ የጨፋ ሮቢትን ተራ በናፍቆት የምጠብቀው፣ ከተማይቱ ገና ስሟ ሲጠራ ጠባይዋን የምትናገር ስለ ሆነች ነው፤ ጨፋ በኦሮምኛ ረግረጋማው የሣር መስክ፣ ሮቢም ረቡዕ ነውና፣ ረቡዕ በደረሰ ጊዜ ቦርከና የሚያጠጣው የዚያ መስክ በረከት በየቅሉ ተሞልቶ ወደ ገበያ ይወጣል። በበጋ ከአፋር ቆላ ሳይቀር መንጋ የሚነዳበት ይህ መስክ ለከብቱ ሣር ነው፤ ሣሩ ወተት፣ ወተቱ ቅቤ፣ ቅቤውም ገንዘብ እስኪሆን ያለው መንገድ ግን በሴቶች እጅ ነው።

ከገበያው አጠገብ የተቀመጠው የማኅበሩ መዝገብ ሌላ ነገር ይመሰክራል። በአባላት ቅጽ ላይ «ሥራ» የምትባል ጠባብ አምድ አለች፤ በሴቶቹም ስም አንጻር፣ ከገጹ ራስ እስከ ግርጌው፣ «የቤት እመቤት»፣ «የቤት እመቤት» እየተባለ ተጽፏል። ጸሐፊውን ለመውቀስ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን መርማሪ ከመሆኔ በፊት መዝጋቢ ነበርኩና፣ የብዙው ገጽ ጽሕፈት የገዛ እጄ ነው።

ከነዚህ «የቤት እመቤቶች» አንዷን፣ በዕድሜ የገፉ የጨፋ እናት፣ ቅቤ ሲገዙ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ድቡልቡሉን ቅቤ በቀጭን እንጨት ወግተው፣ እንጨቱን አሽትተው፣ ጥቂቱንም በመዳፋቸው ላይ በአውራ ጣት አሽተው፣ ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ በሳል ነው ካሉ ከፍርዳቸው ይግባኝ የለም፤ ለጋውን ለጠጉሯ የምትፈልገውን ሙሽራና በሳሉን ለወጥ የምትፈልገውን ባልቴት ገና ከሩቅ ሲመጡ ይለዩአቸዋል፤ በዱቤ የሰጡትንም ሁሉ፣ ከነቀጠሮው፣ ያለ ወረቀት ይዘውታል። አንድ ረቡዕ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርበው «ልጄ፣ የናንተ ሁዳዴ ዘንድሮ መቼ ነው የሚገባው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩ የክርስቲያን ልጅ፣ የግድግዳውን ካላንደር ገልጬ ቀኑን እስካገኝ ድረስ፣ እሳቸው እስላሟ እናት በጣታቸው ቆጥረው ደርሰውበት ኖሯል፤ የጠየቁኝ ለማመሳከር ብቻ ነው።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ክርስቲያኑ ቅባት ስለሚተው የቅቤ ዋጋ ይወርዳል፤ ይህን ጊዜ የገዛና አንጥሮ ያስቀመጠ፣ ለፋሲካ ዋዜማ ባለጸጋ ነው። በረመዳን ደግሞ የእስላሙ ቤት ለፍጥር ቅቤ ይሻል። ሆኖም ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በ2017 ዓ.ም እና በ2018 ዓ.ም ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለ ገቡ፣ አንዱ ወገን መግዛት ሲያቆም ሌላው ጀመረ። እኚህ እናት አበቅቴና መጥቅዕ ሳያወጡ፣ የማይጾሙትን ጾምና የሚጾሙትን ጾም በአንድ ልብ አስተባብረው፣ መቼ መግዛት መቼም መሸጥ እንደሚገባ ይወስናሉ። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ቢሰማቸው የሚደነቅ ይመስለኛል።

«የቤት እመቤት» ብዬ ከመጻፌም የባሰው በደሌ በብድር ጉዳይ የጻፍኩት ነው። ብድር ሲቀርብላቸው ሴቶቹ አንድ በአንድ ቢሸሹ፣ በሪፖርቴ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ብዬ አሰፈርኩ፤ ቃሉ ለቢሮ ሰው ምቹ ነው፣ ያላወቀውን ሁሉ በባለጉዳዩ ላይ ይጥልለታልና። እነሱ ግን ውሉን ከእኔ ይልቅ አጥርተው ተረድተውት ነበር፤ ወለድ ሪባ ነው፣ ሪባም ሐራም ነው። ፍትሐ ነገሥት አራጣን እንደሚነቅፍ፣ መዝሙረ ዳዊትም ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን ጻድቅ እንደሚያመሰግን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ እንግዳ ትምህርት ሊሆንበት ባልተገባ። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመመሪያ የፈቀደው በ2004 ዓ.ም፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ለሆኑ ባንኮች በር የከፈተው በ2011 ዓ.ም፣ የመጀመሪያው የሆነው ዘምዘም ባንክም ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ዕቁብ ነበራቸው። መጀመሪያ የሚደርሳት ብድር አገኘች፣ መጨረሻ የሚደርሳት ቁጠባ አኖረች፤ ልጇን የምትድር ብትኖር ባለዕጣዋ ተራዋን ትለቅላታለች፤ ስለ ጊዜው ግን ማንም ለማንም ዋጋ አይከፍልም። እኔ በሠንጠረዥ ልሠራው ብሞክር ብዙ ወረቀት የሚፈጅብኝን ነገር እነሱ በቡና ሰዓት ይጨርሱታል።

ይህን ሳስብ ማጊ ሌና ዎከር የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ትታወሰኛለች። በባርነት የኖረች የልብስ አጣቢ ልጅ ስትሆን፣ በ1903 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ፣ በሪችመንድ ከተማ፣ የወገኖቿን ሳንቲም የሚሰበስብ ባንክ አቋቁማ መራች። በአገራችንም በ2005 ዓ.ም ሥራ ከጀመረው ከእናት ባንክ ባለአክሲዮኖች የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ሆኖም ባንክ ያቋቋመችውን ማድነቅ ቀላል ነው፤ ስሟ በሕንፃ ላይ ተጽፏልና። የጨፋዋ ቅቤ ነጋዴ ስም ያለው በጠባቧ አምድ ፊት ነው፤ ቅቤው የሚገኝባት ላሚቱ እንኳ በሰው አፍ የምትቆጠረው በባል ስም ነው፤ ጨፋ ሮቢት ያለችበት ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በጋብቻ የተፈራው ሀብት የጋራ ነው ብሎ ቢገምትም፣ ላሚቱ ስትሸጥ ቅቤውም አብሮ እንደሚሸጥ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ባለፈው ዙር ቅጾቹን ስናድስ፣ እኚያኑ እናት ከፊቴ አስቀምጬ፣ «አንቱስ ሥራዎ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «እኔማ ቤት ነኝ» አሉ፤ ይህን ሲሉ እጃቸው ቅቤ ይሸታል። ያን ጊዜ «የቤት እመቤት» የሚለውን የቀድሞ ጽሕፈቴን ሰርዤ፣ በላዩ ላይ «ቅቤ ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩና፣ እንደ ትልቅ ክብር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ነጋዴ ብለህ የጻፍከኝ፣ ልጄ፣ ግብር ልታስከፍለኝ ነው?»

ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አንሥቼ፣ የምመልሰው ጠፍቶኝ ቆየሁ፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም ንግግራቸውን አቁመው እጄን ይመለከቱ ነበር።