የመድኃኒት ግዥና የዝቅተኛ ዋጋ መመዘኛ

በጤና ተቋማት የመድኃኒትና የሕክምና መገልገያ ግዥ ብዙውን ጊዜ የሚመራው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል በሚል መመዘኛ ነው። ይሁን እንጂ የእጅ ጓንትና የእባብ መርዝ ማርከሻ በአንድ ስልት ሊገዙ አይገባም።

ፒተር ክራልዪች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ድርጅቶች የሚገዟቸውን ዕቃዎች በሁለት ጥያቄዎች እንዲመድቡ ሐሳብ አቅርቧል፤ ዕቃው በወጪና በውጤት ላይ ያለው ክብደት ምን ያህል ነው? አቅርቦቱስ ቢቋረጥ ሌላ አቅራቢ በቀላሉ ይገኛል? ከዚህም አራት ምድቦች ይወጣሉ።

1. ወጪያቸው አነስተኛ፣ አቅራቢያቸው ብዙ የሆኑ፣ ለምሳሌ ጥጥና ፕላስተር፦ በማዕቀፍ ስምምነት የግዥውን ሥራ ማቅለል ይበቃል።

2. ወጪያቸው ከፍተኛ፣ አቅራቢያቸው ብዙ የሆኑ፣ ለምሳሌ ጓንት፦ የብዙ ተቋማትን ፍላጎት አጠቃሎ ማወዳደር ዋጋ ያስቀንሳል።

3. ወጪያቸው አነስተኛ፣ አቅራቢያቸው ጥቂት የሆኑ፣ ለምሳሌ የመርዝ ማርከሻ፦ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአቅርቦቱ ዋስትና ነው።

4. ወጪያቸው ከፍተኛ፣ አቅራቢያቸው ጥቂት የሆኑ፣ ለምሳሌ በራሱ ሪኤጀንት ብቻ የሚሠራ የላቦራቶሪ መሣሪያ፦ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር የሪኤጀንት፣ የጥገናና የሥልጠና ወጪ አብሮ ሊሰላ ይገባል።

ሦስተኛውን ምድብ ችላ ማለት የሚያስከትለውን ጉዳት የፋቭ አፍሪክ ታሪክ ያሳያል። በአፍሪካ የአሥር እባቦችን መርዝ ያረክስ የነበረውን ይህን መድኃኒት አምራቹ ሳኖፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ። በምክንያትነት የተገለጸውም በርካሽ ምርቶች ፉክክር ሳቢያ አዋጭ አለመሆኑ ነበር። የመጨረሻው ምርት የአገልግሎት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 አበቃ፤ እኩል የሚተካው ግን አልተዘጋጀም ነበር።

በኢትዮጵያ ፍላጎትን አጠቃሎ የመግዛቱ ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 553/1999 ለተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተሰጥቶ የነበረ ሲሆን፣ ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ተብሎ ይጠራል። ይሁንና ማዕከላዊው ግዥ የሚመሠረተው ከጤና ተቋማት በሚመጣው አኃዝ ላይ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በስድስት ወር 600 ብልቃጥ ቢጠቀምና ሁለቱን ወር መድኃኒቱ ጨርሶ ባይኖረው፣ ወርኃዊ ፍጆታው 600 ለ6 ተካፍሎ 100 ሳይሆን፣ ለ4 ተካፍሎ 150 ነው። መድኃኒት ያልነበረበት ጊዜ ካልተመዘገበ እጥረቱ እንደ ፍላጎት ማነስ ተቆጥሮ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል። ስለዚህ የግዥው ሥራ የሚጀምረው ከጨረታው ሰነድ ሳይሆን ባለሙያው በየዕለቱ ከሚሞላው የክምችት መቆጣጠሪያ ካርድ ነው።