ኢላት፦ ከበረሃ ማዶ የወፎች ማረፊያ

በእስራኤል ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ያለው የኢላት የወፎች ፓርክ ቀድሞ ቆሻሻ መጣያ በነበረ መሬት ላይ የተቋቋመ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በልግ ከሚባለው ጊዜ ጋር በሚገጥመው ጸደይ በአስጎብኚ የሚመራ የእግር ጉዞ ይካሄድበታል። የቦታው ጥቅም ከፍልሰት፣ ማለትም ወፎች በመራቢያቸውና ብርዱን በሚያሳልፉበት አገር መካከል ከሚያደርጉት ወቅታዊ ምልልስ ጋር የተያያዘ ነው፤ አፍሪካ ከርመው ወደ አውሮፓና እስያ የሚመለሱት ወፎች ሰሃራንና ሲናን አቋርጠው ሲደክሙ ምግብ የሚያገኙት ጨዋማ አፈር በሚችሉት የፓርኩ ቁጥቋጦዎች ውስጥ ነው።

ጉዞው የሚጀመረው በማለዳ ነው፤ ሙቀቱ ከበረታ ትንንሾቹ ወፎች ጥላ ሥር ስለሚሸሸጉ አርፍዶ የመጣ ጎብኚ ብዙ አያይም። ከሁሉ የሚመስጠው ቀለበት የማሰር ሥራ ነው፦ በስስ መረብ የተያዘች፣ ክብደቷ አሥር ግራም ያህል ብቻ የሆነች ዘማሪ ወፍ በተመራማሪው ጣቶች መካከል እንዳለች የሆዷ ላባ በትንፋሽ እፍ ሲባል ከቆዳዋ ሥር የተረፈው ቢጫ ስብ ይታያል፤ ስንቋ በዚህ ከተገመተ በኋላ ቁጥር የተቀረጸበት ቀለበት እግሯ ላይ ታስሮ ትለቀቃለች።

ረፋድ ላይ ዓይን ሁሉ ወደ ሰማይ ይዞራል፤ ከፀሐይ ከጋለ መሬት የሚነሳው ሞቃት አየር ንስሮችንና ሽመላዎችን ክንፋቸውን ሳያራግቡ እያዞረ ወደ ላይ ያወጣቸዋል፤ በባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር እምብዛም ስለማይገኝ፣ የብርዱን ወራት ኢትዮጵያ ያሳለፉት ንስሮች ጭምር የየብሱን መንገድ ይመርጣሉ።