ያለ ዲሪቬቲቭ የሚሠሩ የድግግሞሽ ዘዴዎችና የደቻቱ ጎርፍ ጥልቀት

ደቻቱ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍል፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር የመከላከያ ግንብ የሚነድፍ መሐንዲስ በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ ይህን ያህል ውኃ ቢመጣ ጥልቀቱ ስንት ይደርሳል የሚል ነው።

የማኒንግ ቀመር ከጥልቀት ተነሥቶ ፍሰትን በቀላሉ ይሰጣል። ከፍሰት ወደ ጥልቀት ለመመለስ ግን እኩልዮሹ ቀጥተኛ ባለመሆኑ ግምትን ደጋግሞ ማረም ግድ ይላል። የኒውተን ዘዴ ዲሪቬቲቭ ይፈልጋል፤ የተፈጥሮ ወንዝ ቅርጽ ደግሞ የሚታወቀው በቅየሳ ነጥቦች ስለሆነ፣ ውኃው የዳርቻው ተዳፋት የሚለወጥበትን ነጥብ ባለፈ ቁጥር ዲሪቬቲቩ ይዘላል።

ዴንማርካዊው ስቴፈንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ያቀረበው ዘዴ በዲሪቬቲቩ ፈንታ የፈንክሽኑን ዋጋ ራሱን እንደ እርምጃ ይወስዳል፤ በዚያ እርምጃ ርቀት ሁለተኛ ዋጋ አስልቶ በሁለቱ መካከል ያለውን ተዳፋት ይጠቀማል። ለመፍትሔው ሲቀርብ፣ እንደ ኒውተን ሁሉ፣ የትክክለኛ አኃዞቹ ቁጥር በየዙሩ በእጥፍ ገደማ ያድጋል።

ውበቱ ግን ወጥመድ አለው። ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 50 ሜትር፣ ተዳፋቱ 0.01፣ የሻካራነት መለኪያው 0.035 የሆነ አራት ማዕዘን ቦይ በሰከንድ 500 ሜትር ኩብ ያሳልፍ እንበል። በ2 ሜትር ግምት የሚሰላው ፍሰት 431 ገደማ ነው፤ ጉድለቱም 69። ዘዴው ይህን ጉድለት ከጥልቀቱ ጋር ሲደምር −67 ሜትር ላይ ይወድቃል! ሜትርንና ሜትር ኩብ በሰከንድን መደመር ከመነሻውም ትርጉም የለውም። እርምጃው በ0.001 ቢባዛ ግን የመጀመሪያው ዙር ብቻ 2.20 ሜትር ይሰጣል፤ ትክክለኛው መልስ 2.19 ነው። ትራውብ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህ ማባዣ ካለፉት ዙሮች ራሱን እንዲያርም በማድረግ የመጠጋት ደረጃውን ከ2 ወደ 2.414 አሳድጓል።

ይሁንና ስቴፈንሰን በየዙሩ ሁለት ስሌት ይጠይቃል። ደረጃው 1.618 የሆነው የሴካንት ዘዴ ከመነሻው በኋላ አንድ ብቻ ስለሚበቃው፣ በስሌት ቁጥር ሲመዘን ሁለቱንም ይበልጣል። ከ3 እና ከ2 ሜትር ተነሥቶ በሁለት ዙር 2.19 ይደርሳል። ሄክ-ራስ የተባለው የወንዝ ሶፍትዌርም የውኃውን ከፍታ የሚፈልገው በዋናነት በዚሁ መንገድ ነው።

ለደቻቱ ዓይነት ወንዝ ከአኃዞች ብዛት ይልቅ የሻካራነቱ ግምት ያሳስባል፤ በዚህ ምሳሌ የ10 በመቶ ስሕተት ጥልቀቱን በ13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያዛባል።