ሣሩ ለምልሞ በሬው ሲሞት

በኢትዮጵያ ለአርብቶ አደሩና ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው የአደጋ እርዳታ አሠራር በዋናነት የተቀረጸው ድርቅን አስቦ ነው፤ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው በወሎው ረኃብ ሳቢያ ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም የምግብ እጥረት የተደጋገመባቸውን ወረዳዎች መርጦ ነበር ሥራውን የጀመረው። መድን እንጂ የመንግሥት እርዳታ ባይሆንም፣ በ2004 ዓ.ም. በቦረና ለሽያጭ የቀረበው የእንስሳት መድን የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ከብት ሞተ አልሞተ ብሎ ሳይቆጥር፣ ሳተላይት የሚያነበው የግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ለገዢው ይከፍላል።

ይህ መለኪያ ለቦረና ብልህ ነው፤ በወለጋ፣ ነቀምቴ አካባቢ ግን ተገልብጦ ይገኛል። በዲዴሳና በአንገር ሸለቆዎች ከብቱን የሚጨርሰው ገንዲ፣ ማለትም የቆላ ዝንብ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የምታስተላልፈው የደም ጥገኛ ሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ሲሆን፣ ዝንቧ የምትራባው በወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ጥላ ውስጥ ስለሆነ፣ ከላይ ለሚመለከት መሣሪያ ደህና የሚመስለው አረንጓዴ ሥፍራ ለበሬው የከፋው ነው።

መለኪያ ግን ጠፍቶ አይደለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከጆሮ ደም ሥር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ደም ቀድቶ በማሽከርከሪያ መሣሪያ ሲያሽከረክር፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ከታች ይረጋሉ፤ ድርሻቸው ከመቶ 24 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እንስሳው ደም አንሶታል ይባላል፣ ከቀይ ሕዋሳቱ በላይ የሚታየው ስስ ነጭ ንብርብር በአጉሊ መነጽር ሲመረመር ደግሞ ጥገኛው ራሱ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከዚህ የቀለለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

አሜሪካ ውስጥ በአደጋ ለሞተ ከብት መንግሥት ከአማካይ የገበያ ዋጋው ከመቶ 75 ያህሉን ይከፍላል፤ ለዚህ የሚጠይቀው የሞቱን ቁጥርና ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ለወለጋ ገበሬ ይህ ስሌት እንኳ አይበቃም፤ ከጥማዱ አንዱ በሬ የሞተበት ሰው የሚያጣው የሥጋውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማረሻ ወቅቱንም ነው፣ ሁለተኛ በሬ ካላገኘ ማሳውን ለእኩል አራሽ ይሰጣል ወይም ጾም ያሳድረዋል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን በግጭት ተፈናቅለው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ የገቡት ሰዎችም ያጡት በሬ በእህል ራሽን የሚተካ አልነበረም።

በገንዲ ለሞተ በሬም ካሳ ይከፈል ቢባል፣ ጥያቄው ከበጀት በፊት የሚደናቀፈው በመዝገብ ላይ ነው። ገበሬው ከከተማ መድኃኒት ቤት ዲሚናዚን የተባለውን የገንዲ መድኃኒት ገዝቶ ራሱ ይወጋል ወይም በጎረቤት እጅ ያስወጋል፤ መጠኑ እያነሰ ሲደጋገም ጥገኛው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ በሬው ሲሞትም ሬሳው ወደ ገደል ይጎተታል እንጂ ለወረዳው ክሊኒክ አይነገርም፤ መናገሩ ምንም አያስገኝምና።