የሌለ እግር ያማል ወይ?

በማታ ትምህርታችን አንድ አባት አሉ። በአደጋ ምክንያት አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። አንድ ምሽት ፊደል ሲጽፉ እርሳሱ ከእጃቸው ወደቀ። «አባባ፣ ምን ሆኑ?» አልናቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ እንዳትስቁብኝ። የሌለው እግሬ ጣቱ ይቃጠላል» አሉን። አብደዋል እንዳይባሉ ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።

እኛ አልሳቅንም። ሕመሙ እውነተኛ ነው። እብደት አይደለም፤ የርኩስ መንፈስ ሥራም አይደለም። እግራቸው ከተቆረጠ ሰዎች ብዙዎቹ ይሰማቸዋል።

ለምን ያማል?

ከእግር ወደ አንጎል ወሬ የሚያደርሱ ነርቮች አሉ። እግር ሲቆረጥ ነርቮቹም ይቆረጣሉ። አንጎል ግን የእግሩን ቦታ አይረሳም። የተቆረጡት ነርቮችም የተሳሳተ ወሬ ይልካሉ። ስለዚህ እግሩ ያለ ይመስል ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ይጨመድዳል።

ያለ መድኃኒት ምን ይደረጋል?

አንደኛው መስተዋት ነው። እግርን ዘርግቶ መቀመጥ። ረዘም ያለ መስተዋት በሁለቱ እግሮች መካከል ማቆም። የመስተዋቱ ፊት ወደ ጤነኛው እግር ይሁን። የተቆረጠው ከጀርባው ይደበቅ። ከዚያ መስተዋቱን እያዩ ጤነኛውን እግር ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ። ሁለት እግር ያለ ይመስላል። አንጎልም የታየውን ይቀበላል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 የአሜሪካ ሐኪሞች ይህን መሞከራቸውን ጽፈዋል። እግራቸው የተቆረጠ 6 ሰዎች በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ለ4 ሳምንት መስተዋት አዩ። የስድስቱም ሕመም ቀነሰ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ሰው ይሻለዋል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ማሸት ነው። ቁስሉ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ ጫፉን በእጅ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ በለስላሳ ጨርቅ መደባበስ።

ሦስተኛው፣ ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሰው አድርጎ መራመድ ነው። ይህም ለአንዳንዱ ሕመሙን ያቀልለታል።

ተጠንቀቁ!

ጫፉን በእሳት አትተኩሱ፤ አትብጡ። ቢያብጥ፣ ቢቀላ፣ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መስተዋቱ ቢያዞር ወይም ሕመሙን ቢያብስ አቁሙ።

ለአባባ ከልብስ ሰፊ መስተዋት ተዋስን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ «ጨርሶ አልተወኝም። ግን እንቅልፍ አገኘሁ» አሉ። አሁን መስተዋቱን የሚይዙላቸው ሚስታቸው ናቸው።

እንወያይ
1. አባባ ሕመማቸውን ለምን ደበቁ?
2. በሰፈራችን እንዲህ የሚያመው ሰው ቢኖር ምን እንለዋለን?