ሦስት ሴንቲ ሜትር

ልምድ ያለው ተጫራች የጨረታ ማስታወቂያን ከላይ ጀምሮ አያነብም። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት 14 ዓመት የግዥ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ኮሪደራችን ላይ አዲስ ዘመን ጋዜጣን ዘርግተው የሚያነቡትን ሰዎች ልብ ብዬ አያቸው ነበር። መጀመሪያ የሚፈልጉት የጨረታ ሳጥኑ የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት ነው። ቀጥሎ የጨረታ ማስከበሪያው ስንት ብር እንደሆነ ያያሉ። ከዚያ በእስክሪብቶ ያከቡትና ስልካቸውን ያወጣሉ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝና ያ ክብ ሁልጊዜ ይከብደኝ ነበር። አንድ ቁጥር ብሳሳት ያ ሰው ባንክ የሚሰለፈው፣ ሰነድ የሚገዛው፣ ሌሊቱን ዋጋ ሲያሰላ የሚያድረው በከንቱ ነው።

ድሮ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት እየጎሰመ ገበያ መሀል ቆሞ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይናገር ነበር። የጨረታ ማስታወቂያም ለእኔ ያው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ግልጽ ጨረታን ዋናው የመንግሥት ግዥ መንገድ ሲያደርግ፣ ጥሪው ሰነዱ በተዘጋጀበት ቋንቋ በሚታተም አገር አቀፍ ጋዜጣ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲወጣ አዝዞ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1333 ቢተካውም ሐሳቡ አልተለወጠም። የሚወጣው የሁላችንም ገንዘብ ስለሆነ ለኃላፊው የሚቀርበውም ሆነ ኃላፊውን አይቶት የማያውቀው ነጋዴ ወሬውን በአንድ ቀን መስማት አለባቸው።

ማስታወቂያው ውስጥ ያሉት ሐረጎች ለብዙ ሰው አሰልቺ ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን ምክንያት አላቸው። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና በአቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ መመዝገብ የሚጠየቁት፣ ነገ ዕቃው ቢበላሽ ወይም ሳይመጣ ቢቀር የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። በሲፒኦ ወይም በባንክ ዋስትና የሚያዘው የጨረታ ማስከበሪያ አሸንፎ ውል አልፈርምም የሚለውን ለመያዝ ነው። ለትንሽ ነጋዴ ግን ይህ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ የሚተኛ ገንዘብ ነው፤ የተሸናፊዎችን ማስከበሪያ ቶሎ የማይመልስ መሥሪያ ቤት ሳይ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሸናፊው ደግሞ ውል ሲፈርም ብዙውን ጊዜ የውሉን ዋጋ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ያስይዛል።

መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉ ወይም በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው የምትለዋን የመጨረሻ መስመርም ሁሉም ያውቃታል። እንደ ጋሻ የሚይዟት ኃላፊዎች አጋጥመውኛል። መሰረዝ ይቻላል፤ ምክንያቱ ግን በጽሑፍ መያዝና ለተጫራቾች መነገር አለበት። ደክሞ ለቀረበ ሰው ዝም ማለት ነውር ነው።

አንድ ነገር ግን ጋዜጣው ላይ አይታይም። እሱም በሰነዱ ውስጥ ያለው የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ነው፤ እኛ ስፔሲፊኬሽን የምንለው። እኔ ያጠፋሁትም እዚያ ላይ ነው።

ለስብሰባ አዳራሽ 60 ወንበር እንድንገዛ ታዘዝን። ጊዜው አጭር ስለነበር ከአንድ አስመጪ ካታሎግ ላይ ልኩን እንዳለ ገለበጥኩት፤ የመደገፊያው ቁመት ከወለል 93 ሴንቲ ሜትር፣ የመቀመጫው ስፋት ይህን ያህል፣ የእግሩ ቱቦ ውፍረት ይህን ያህል እያልኩ። ሕጉ የንግድ ምልክት ስም መጥቀስን ይከለክላል፤ ሌላ መግለጫ ከጠፋ እንኳ «ወይም ተመጣጣኝ» ብሎ መጨመር ግድ ነው። እኔ ስም አልጠቀስኩም። ግን ልኩ ራሱ ስም ነበር። ሰነዱን 6 ሰዎች ገዙ፣ 4ቱ ተወዳደሩ፣ በቴክኒክ ግምገማ ያለፈው አንድ ብቻ ሆነ።

ከወደቁት አንዱ የእንጨትና የብረት ሥራ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ውጤቱ በተነገረ በማግስቱ ሜትር ይዘው ቢሮዬ መጡና እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር ለኩ። 88 ነበር። «ልጄ፣ የእኔ 90 ነው፤ አንቺ 88 ላይ ተቀምጠሽ ትሠሪያለሽ። በሦስት ሴንቲ ሜትር ሰው ይጣላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚከፋ ቃል አልተናገሩም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ጋሼ፣ አቤቱታዎን ለበላይ ኃላፊው በጽሑፍ ያስገቡ» አልኳቸው። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው ሕግ፣ ቅሬታ ያለው ተጫራች ጉዳዩን ባወቀ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያመለክት ነበር፤ ኃላፊው ግዥውን አግዶ በ10 ቀን ውስጥ ይመልስ ነበር፤ በመልሱ ያልረካ ወደ አቤቱታ አጣሪ ቦርድ ይሄድ ነበር። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ነገ እንዳይጠሉኝ ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም ሌላ በር ነበር። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ማንም ተጫራች በጽሑፍ ማብራሪያ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም ሰነዱን ለገዙት ሁሉ ይላካል። ይህ 93 ሴንቲ ሜትር ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ሰነዱን አሻሽዬ ቀኑን አራዝም ነበር።

ሽማግሌው አመለከቱ። አቤቱታውን ያየው ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ልኩን ከየት እንዳመጣሁት ተናገርኩ፤ ጨረታው ተሰረዘ። አዳራሹ 3 ወር ያለ ወንበር ቆየ። አዲሱን መግለጫ ስጽፍ ከካታሎግ ሳይሆን ከሥራው ተነሣሁ፤ ወንበሩ ስንት ኪሎ ክብደት ይሸከም፣ ስንት ዓመት ዋስትና ይኑረው፣ ቁመቱ ከስንት እስከ ስንት ቢሆን ሰው ይመቸዋል በሚል።

ብዙ ሰው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል ብሎ ያምናል። ግን በመጀመሪያ ሰነዱ የተሟላ መሆኑ ይታያል፤ ከዚያ ዕቃው መግለጫውን ማሟላቱ፤ ዋጋ የሚወዳደረው ከዚህ ያለፈው ብቻ ነው። ለአገር ውስጥ ምርት ልዩ አስተያየት አለ። የነጠላ ዋጋው ከጠቅላላው ጋር ካልተስማማ የነጠላው ይጸናል፤ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ከተለያየ በፊደል የተጻፈው ይበልጣል።

ከሁሉ የምወደው የመክፈቻው ሰዓት ነበር። 8 ሰዓት ላይ ሳጥኑ ይዘጋል፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል። የትኛው ሰዓት እንደሚሠራ እንዳንጨቃጨቅ የግድግዳውን ሰዓት አስቀድመን እናሳያለን። አንድ ቀን ከደሴ ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ ወጣት በሰም የታሸገ ኤንቨሎፑን ይዞ 8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ገባ። ዘግይቶ የመጣ ሰነድ ሳይከፈት ይመለሳል። ኤንቨሎፑን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የሌሎቹን ዋጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

አሁን ኢጂፒ የምንለው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት መጥቷል። ተጫራቹ ሰነዱን በኢንተርኔት ያስገባል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሥርዓቱ ራሱ ይዘጋል። ያ ወጣት ዛሬ ቢሆን ከደሴ ሳይነሣ ይወዳደር ነበር፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ደግፌዋለሁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ያው የግድግዳ ሰዓት ነው። መግለጫውን የሚጽፈውም አሁንም ሰው ነው፤ ካታሎግ ከፊቱ የዘረጋ፣ ጊዜ ያጠረው ሰው። ትልቁን ግዥ ቆራርሶ ያለ ግልጽ ጨረታ በፕሮፎርማ ለማሳለፍ የሚፈልግም አይጠፋም፤ ሕጉ ይህን ቢከለክልም የሚያስቆመው ፋይሉን ገልጦ የሚጠይቅ ኦዲተር ነው።

የወንበሩ ጨረታ ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት 6 ሰዎች ቀረቡ። ሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀምጠው ባለ ካሬ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። የእሳቸው ዋጋ በዝቅተኛነት ሁለተኛ ሆነ። ተቃውሞ የለኝም ብለው ፈረሙ፤ ከዚያ እጃቸውን አወጡና የመጀመሪያውን ተጫራች የነጠላ ዋጋ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ደግሜ ሳነብ እስኪጽፉ ጠበቅኳቸው።